ነጭ ስኒከር በደሴ ጭቃ፦ ደንበኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ

ክረምት ሲገባ ደሴ ላይ ነጭ ስኒከር አድርጎ የሚወጣ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። ወይ ባጃጅ ከቤቱ በር ያነሣዋል፣ ወይ እኔን ያውቀኛል።

ፒያሳ አካባቢ ጫማ አጥባለሁ። ቤቷ ጠባብ ናት። ሁለት ሳፋ፣ አንድ በርሜል፣ የቡርሽ ዘር በሙሉ፣ ከጣሪያው ሥር የተዘረጋ ገመድ። ጫማውን ሊወስድ የመጣ ሁሉ አንድ ነገር ሳይጠይቀኝ አይሄድም። ጥያቄው ደግሞ ዞሮ ዞሮ ያው ነው። ስለዚህ ጻፍኩት።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ተበላሽተው እጄ ላይ ከሚመጡት ነጭ ጫማዎች አብዛኞቹን ያበላሻቸው ጭቃ አይደለም። አጣጠባቸው ነው።

ጫማዬ ጭቃ በጭቃ ሆነ። ቶሎ ልጠበው?

አትንኩት። መጀመሪያ ይድረቅ።

ይህን ስል ሰው ይገረማል። «ሳይደርቅበት እጠበው» ተብለን ነው ያደግነው። ለወጥም ለሻይም እውነት ነው። ለጭቃ ግን አይሠራም፤ ዋልካ ከሆነማ ጭራሽ። የዋልካ አፈር እጅግ ደቃቅ ነው። ውሃ ሲያገኝ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። እርጥቡን ስታሹት በሸራው ክሮች መካከል ሰርጎ ይገባል። ላዩ ላይ ተቀምጦ የነበረውን ጭቃ በገዛ እጃችሁ ቀለም አደረጋችሁት ማለት ነው።

ሲደርቅ ግን ይሰነጣጠቃል። ሁለቱን ጫማ ሶል ለሶል አጋጯቸው፤ ግማሹ ያኔውኑ ይራገፋል። የቀረውን በደረቅ ቡርሽ ጥረጉ። ከሶሉ ሥር የተሰገሰገውን በስንጥር አውጡት። ታዲያ ይህን ደጅ ወጥታችሁ አድርጉ። ቤት ውስጥ ካራገፋችሁት ከእናታችሁ ጋር ለሚመጣው ጣጣ እኔ የለሁበትም።

ባጃጅ አሁን ረጭቶባችሁ ሠርግ እየሄዳችሁ ከሆነ ደግሞ በሶፍት ከላይ ጫን ጫን እያደረጋችሁ ውሃውን ብቻ አስመጥጡት። አትጥረጉት። የቀረው ማታ ይደረስበታል።

እሺ፣ ደርቆ ተራገፈ። ከዚያስ እንዴት ነው የሚታጠበው?

መጀመሪያ ክሩን አውጡ። ክሩ ሳይወጣ የታጠበ ጫማ ምላሱ ላይ ግራጫ መስመር ይዞ ይቀራል። የውስጡ ሶል የሚወጣ ከሆነም አውጡት። ክሩን ለብ ያለ የኦሞ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት፤ በኋላ እርስ በርሱ ብታሹት ይበቃል።

አሁን ወደ ጫማው። ሁለት ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና። ከዚህ አይበልጥም። ሰው አረፋ ሲደፍቅ ካላየ የጸዳ አይመስለውም። አረፋው ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ማለቅለቁ ያደክማችኋል።

ሁለት ቡርሽ ያስፈልጋል። ጠንካራው ለሶሉ፣ ለስላሳው ለላዩ። አሮጌ የጥርስ ቡርሽ ለስፌቱ ጥሩ ነው። ከሶሉ ጀምሩ። ብዙ ሰው ከላይ ይጀምርና ሶሉን ሲፈትግ ጥቁሩ ውሃ ቅድም ባጸዳው ላይ ይረጭበታል። ሶሉ፣ ከዚያ የጎኑ ጎማ፣ በመጨረሻ ላዩ። ላዩን ስታጥቡ በትንሽ በትንሹ ሂዱ። እፍኝ የምታህል ቦታ በክብ በክብ እሹ፣ ወዲያው በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ አንሡት፣ ወደ ቀጣዩ እለፉ። ቆሻሻውን ፈትጋችሁ ካላነሣችሁት ቦታ ነው የሚቀይረው።

ሸራ ከሆነ በመጨረሻ በደንብ ይለቅለቅ። እስከ መቼ? ስትጫኑት አረፋ መውጣት እስኪያቆም። እኔ የመጨረሻውን ውሃ ላይ አንድ ሲኒ አቼቶ ጠብ አደርጋለሁ፤ ለሦስት ሊትር ያህል ውሃ ነው። ሳሙና አልካሊ ነው፣ አቼቶ አሲድ ነው፤ የቀረውን ሳሙና ያበርደዋል። ሽታው ሲደርቅ ይጠፋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ፣ ገና ሳትጀምሩ ለማለቅለቂያ የሚበቃ ውሃ ለይታችሁ አስቀምጡ። ሳሙና ገብቶ ውሃ ያለቀበትን ጫማ ከማጠብ ያልታጠበውን ማጠብ ይቀላል።

ኦሞ ይሻላል ላርጎ?

ለጫማው ላርጎ፣ ለክሩ ኦሞ። ዱቄት ሳሙና ሳይሟሟ የሚቀር ቅንጣት አለው። ስፌት ውስጥ ይደበቅና ሲደርቅ ቢጫ ነጥብ ሆኖ ብቅ ይላል። ዱቄት ብቻ ካላችሁ በሙቅ ውሃ በደንብ አሟሙታችሁ፣ አብርዳችሁ ተጠቀሙ። ደረቁን ሸራው ላይ በትናችሁ መፈተግ ግን ይቅር።

በረኪና ባደርግበትስ? ነጭ ልብስ የሚያነጣው እሱ አይደል?

የዚህ ጥያቄ መልስ ብዙ ነገር አስከፍሎኛል።

ገና ይህን ሥራ ሳልጀምር ነው። የአክስቴ ልጅ ለዒድ የሚያደርገውን አዲስ ነጭ ስኒከር «አንተ ጎበዝ ነህ» ብሎ ሰጠኝ። ጫፉ ላይ ትንሽ ቡናማ ነገር ነበረበት። እኔም ጎበዝ ነኝና ሳፋ ውስጥ በረኪና ገልብጬ ሌሊቱን ዘፈዘፍኩት። ጠዋት ከውሃው ሳወጣው እንደ በረዶ ነጭ ነበር። ደስ አለኝ። ሲደርቅ እንደ ወይባ ወየበ። ሶሉም አፉን ከፈተ። የዒድ ዕለት ልጁ የወንድሙን ጫማ ሁለት ካልሲ ደርቦ አደረገ። እስከ ዛሬ በየበዓሉ ይነሣብኛል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። በረኪና ለጥጥ የተሠራ ነገር ነው። ስኒከር ግን ንጹሕ ጥጥ አይደለም። ናይለን አለበት፣ የሚለጠጥ ክር አለበት፣ ስፖንጅ አለበት፣ ማስቲሽ አለበት። እነዚህ በረኪና ሲነካቸው ይወይባሉ። ጎማውን ያደርቀዋል፣ ማጣበቂያውን ያላላዋል። የወየበው ደግሞ ቆሻሻ ስላልሆነ ታጥቦ አይለቅም። ጨርቁ ራሱ ነው የተለወጠው።

የጥጥ ክር ላይ ብቻ እፈቅዳለሁ። አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና፣ አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ደጋግሞ ማለቅለቅ።

አሁን የምለውን በደንብ አንብቡ። በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር አትቀላቅሉ። ሽንት ቤት ከሚታጠብበት አሲድ ጋርም አትቀላቅሉ። ክሎሪን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋርም እንደዚሁ መርዝ ይሆናል። «ሁለቱም ስለሚያነጡ አብረው ይበልጥ ያነጡ ይሆናል» ያሉኝ ሰዎች አሉ። ያነጡ ይሆናል፣ ሳንባን ግን ያቃጥላሉ።

ሳጥበው ነጭ ነበር። ሲደርቅ ቢጫ ሆነ። ምን በድዬው ነው?

በብዛት የምጠየቀው ይሄ ነው። በረኪና ካልነካው መፍትሔ አለው።

ጫማ ሲደርቅ ውሃው ከውስጥ ወደ ውጭ ይጓዛል። ባዶውን አይጓዝም። ያልተለቀለቀውን ሳሙና፣ የስፖንጁን ቆሻሻ፣ የማስቲሹን ቀለም ተሸክሞ ይመጣል። ላዩ ላይ ሲደርስ ውሃው ተንኖ ይሄዳል፤ ሸክሙ እዚያው ይቀራል። ለዚህ ነው ቢጫው ሁልጊዜ ጠርዝ ጠርዙን፣ ስፌት ስፌቱን የሚታየው። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ጉዞው ይፈጥናል፣ ቢጫውም ይደምቃል።

የሶፍቱ ዘዴ የሚሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሰው ሶፍት ጠቅልሎ ሲያሰጣ ያያል፤ ለምን እንደሆነ ግን አይጠይቅም። እርጥቡን ጫማ ነጭ ሶፍት ሁለት ሦስት ዙር ስትጠቀልሉበት፣ ውሃው ሸራው ላይ ሳይቆም ወደ ሶፍቱ ያልፋል። ሸክሙን እዚያ ያራግፋል። ሲደርቅ ሶፍቱን ስትልጡት ቢጫው እሱ ላይ ነው። ሶፍቱ ያለ አበባ፣ ያለ ቀለም ይሁን። ጠፍ ጠፍ እያደረጋችሁ ከሸራው ጋር አጣብቁት፤ አየር በመካከሉ ካለ አይመጥም።

ቀድሞ የወየበውን ደግሞ እንዲህ አድርጉ። እንደገና አርጥቡት። ሳሙና አትጨምሩ፤ ችግሩ ራሱ ሳሙና ነው። አንድ ሲኒ አቼቶ ወይም የሁለት ሎሚ ጭማቂ ሦስት ሊትር ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ፣ ሩብ ሰዓት ያህል በዚያ እያራሳችሁ አቆዩት። ከዚያ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ፣ በፎጣ አስመጥጡ፣ ሶፍት ጠቅልሉ፣ ጥላ ውስጥ አድርቁ። አንዳንዱ ሁለት ዙር ይፈልጋል።

ሸራው ነጭ ነው፣ የጎኑ ጎማ ግን ወይቧል። እሱስ?

ያ ሌላ በሽታ ነው። ጎማው በእርጅና፣ በአየርና በፀሐይ ነው የሚወይበው። ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ የኖረ፣ አንድ ቀን ያልተደረገ ጫማ እንኳ ይወይባል። ስትፈትጉት ብትውሉ ሳሙና አይደርስበትም።

ፋርማሲ ውስጥ ቁስል የሚጠረግበት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አለ፤ 3 በመቶ ነው። እሱን ከቤኪንግ ሶዳ ጋር እንደ ገንፎ ለውሱት። ቤኪንግ ፓውደር አላልኩም፤ ያኛው ዱቄትና አሲድ የገባበት ለኬክ የሚሆን ነው። ጎማው ላይ ብቻ ቀቡት። በስስ ፕላስቲክ ሸፍናችሁ ጎማው ብርሃን እንዲያገኝ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ፐርኦክሳይዱ በፀሐይ ብርሃን ነው ኃይል የሚያገኘው። ላዩን በጨርቅ ጋርዱት። ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይቶ ጥረጉ፤ ካስፈለገ በሌላ ቀን ድገሙት። ጓንት አድርጉ።

ቀለል ያለ ውየባ ይመለሳል። የከረመው ሙሉ በሙሉ አይመለስም። የሚያሳልፍ፣ እንደ መስታወት ያለ ሶል ከሆነ ደግሞ ብዙ ተስፋ አታድርጉ።

የት ላድርቀው? ኮምቦልቻ ያለ ወንድሜ በሁለት ሰዓት ይደርቅልኛል ይላል።

አዎ ይደርቅለታል። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለ፣ ሞቃት ነው፣ ባቲማ ጭራሽ እሳት ነው። በሁለት ሰዓት የደረቀው ጫማ ግን በሁለት ወር ወይቦ፣ ሶሉ ተላቆ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ እኔ ጋ ይመጣል። ማስቲሽ ሙቀት አይወድም።

ደሴም ብትሆን ብርድ ስላለ ፀሐዩ የዋህ ነው ብላችሁ አትታለሉ። ከተማው ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርድ እየተሰማን የምንቃጠለው ለዚህ ነው። ጎማም እንደኛው ነው። ስለዚህ ጥላና ነፋስ። በረንዳ፣ በመስኮት አጠገብ፣ በር ሥር። ጫማው አፉ ወደ ታች አዘንብሎ ይደገፍ።

ችግሩ ሐምሌና ነሐሴ ነው። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ይውላል፣ ልብስ ራሱ አይደርቅም። ያኔ ሰው ጫማውን ከከሰል ማንደጃው አጠገብ ያስቀምጣል። ቡና እየተፈላ ጫማ እየደረቀ፣ ጭሱም ዕጣኑም ነጩን እያጠነው። እንዲህ ያለ ጫማ ስንት እንደተቀበልኩ ቆጥሬ አልጨርሰውም። አንዱ ከነ ካልሲው የተጨማደደ ነበር። ዝግ ቤት ውስጥ ከሰል ማቆየት ለሰውም አደጋ ነው፤ ለጫማ ተብሎ አይደረግም።

ይልቅ ውስጡን አሮጌ ነጭ ጨርቅ ጠቅጥቁበት። በየሦስት ሰዓቱ ቀይሩት። ጨርቁ ነው ውሃውን የሚያወጣው። ጋዜጣ አትጠቀሙ፤ ቀለሙ ይለቃል። ቬንትሌተር ካላችሁ ትልቅ ነገር ነው። በክረምት ሁለት ቀን ሙሉ ስጡት። ነገ ጠዋት ለሚደረግ ጫማ ዛሬ ማታ ማጠብ ነው የሚያሳፍረው።

ወጥ ፈሰሰብኝ።

አብሽሩ። ይሄ ግን እንደ ጭቃው አይጠበቅም፤ ቶሎ ነው። ፍሬውን በማንኪያ አንሡ፣ አትጥረጉ። የሕፃን ፓውደር ወይም ደረቅ ነጭ ዱቄት ነስንሱበትና አንድ ሰዓት ያህል ተዉት፤ ዘይቱን ይመጥጣል። አራግፉና ላርጎውን ሳይበጠበጥ ጠብታ አድርጋችሁ አሥር ደቂቃ አቆዩት። ከዚያ እጠቡ።

ዘይቱ ይሄዳል፣ የበርበሬው ቀይ ጥላ ሊቀር ይችላል። ለሸራው ፀሐይ የምፈቅደው እዚህ ብቻ ነው። የበርበሬ ቀለም ብርሃን አይችልም። ታጥቦና ደርቆ ያለቀውን ጫማ፣ ቀዩ ጥላ ያለበትን በኩል ለአንድ ሁለት ሰዓት ፀሐይ አሳዩት። ይደበዝዛል።

ቡና ከሆነ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ወዲያው፣ ከዚያ በአቼቶ ውሃ። አቦል ፈሶበት እስከ በረካ ከተጫወታችሁ ግን ይከብዳል።

ቀይ አፈር የነካውስ? ቢታጠብም ብርቱካን የመሰለ ነገር ቀረበት።

ቀይ አፈርን ቀይ ያደረገው ብረት ነው። ያው ዝገት ማለት ነው። በረኪና ዝገትን አያነሣም፤ እንዲያውም ያብሰዋል። ዝገት የሚፈራው አሲድ ነው። ሎሚ ጭመቁበት፣ ጨው ነስንሱበት፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ በቡርሽ ለስለስ አድርጋችሁ እሹ፣ አለቅልቁ። ቀደም ሲል በረኪና ተደርጎበት ከሆነ አስቀድማችሁ ደጋግማችሁ በውሃ አለቅልቁት። ስለ ጋዙ ያልኩትን አትርሱ።

የእኔ ቆዳ ነው። ኤይር ፎርስ።

ኤይር ፎርስ ከ1982 ጀምሮ አለ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር። እስካሁን ግን አንድም ቀን መዘፍዘፍ አልተመቸውም። ቆዳ ሳፋ ውስጥ አይገባም። ውሃ ከጠጣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል።

ጨርቅ በሳሙና ውሃ ነክራችሁ አጥብቃችሁ ጭመቁት። ጥረጉ። በሌላ ንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ድገሙ። በደረቅ ጨርሱ። በቃ። የታጠፈው ቦታ ላይ የገባውን ጥቁር በጥርስ ቡርሽ ቀስ ብላችሁ አውጡት። «ቆዳ ነው» የሚባለው ብዙው በእርግጥ ፕላስቲክ የተቀባ ጨርቅ ነው፤ አጣጠቡ ያው ነው። ካሞሽ ከሆነ ደግሞ ውሃ አታሳዩት። በደረቅ ቡርሽና በላጲስ ብቻ።

ላጲስ?

አዎ፣ የትምህርት ቤቱ ነጭ ላጲስ። የጎኑ ጎማ ላይ የሚቀረውን ጥቁር ጭረት ያጠፋል። ቀለም ያለውን ላጲስ ግን ተዉት፣ የራሱን ቀለም ይተዋል።

ኮልጌትም ትጠይቁኛላችሁ። የጥርስ ሳሙና ውስጡ ደቃቅ መፈተጊያ አለው፤ ስለዚህ ጎማ ላይ ይሠራል። ነጩ እንጂ ሰማያዊው ጄል አይደለም። ሸራ ላይ ከቀባችሁት ግን ታጥቦ አያልቅም። ቆዳን ደግሞ ይፍቀዋል። ኢንተርኔት ላይ ሙሉ ጫማ በኮልጌት ሲያጥቡ የሚያሳዩት ከደረቀ በኋላ ያለውን አያሳዩም።

አያቴ በእንዶድ እጠበው አለችኝ።

አያትህ ያውቃሉ። ጋቢና ነጠላ በእንዶድ ሲታጠብ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው አይከራከርም። ፍሬው ውስጥ ሳፖኒን የሚባል ነገር አለ፤ አረፋ የሚሠራውም እሱ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ዓድዋ አካባቢ ሴቶች ልብስ በእንዶድ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የቀንድ አውጣዎቹ ሬሳ ሞልቶ አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንዶድ እንደሚገድል የታወቀው ከዚያ ተነሥቶ ነው።

ለጫማ? የጥጥ ሸራ ከሆነ ይሠራል፣ ሞክሬዋለሁ። ፍሬው ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ውሃ ውስጥ ቆይቶ፣ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለል። ካልተጠለለ ፍርፋሪው ስፌት ውስጥ ቀርቶ ሌላ ሥራ ይሆናል። ዓይን ውስጥ እንዳይገባ፣ ያቃጥላል። የታጠበበትን ውሃ ወንዝ ውስጥ አትድፉት። ቀንድ አውጣውን የገደለ ዓሣውንም ይገድላል። ሐይቅ ዳር ያላችሁ በተለይ።

ማሽን ውስጥ ቢገባስ?

ሸራ ብቻ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ክሩ ወጥቶ፣ ትራስ ልብስ ውስጥ ታስሮ። ማድረቂያው ውስጥ በጭራሽ። ቆዳ አይገባም። እኔን ከጠየቃችሁ የእጅ ይሻላል፣ ይሄን ያልኩት ግን እንጀራዬ ስለሆነም ሊሆን ይችላል።

መስጊድም ለቅሶም ስሄድ ጫማ ይወለቃል። ላዩ ነጭ ነው፣ ውስጡ ግን…

ገብቶኛል። ወሎ ውስጥ ጫማ የማይወለቅበት ቦታ ጥቂት ነው። መስጊድ ይወለቃል፣ ቤተ ክርስቲያን ይወለቃል፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት ቤት ይወለቃል። ስለዚህ ውስጡም ይታያል፣ ይሸታልም።

የውስጡን ሶል አውጥታችሁ ለብቻው በሳሙና ውሃ እጠቡት። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አትመልሱት፤ ሽታውን የሚያመጣው እርጥበት ወዶ የሚራባው ባክቴሪያ ነው። ማታ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ውስጡ ነስንሳችሁ ጠዋት አራግፉት። አንድን ጫማ ሁለት ቀን በተከታታይ አታድርጉ። ካልሲ ሳይደረግ የሚደረገውን ስኒከር ግን ቤኪንግ ሶዳም አይችለውም።

ለመስከረም 21 ግሸን እሄዳለሁ። ነጭ አድርጌ ልሂድ?

ነጭ ልበሱ፣ ነጭ ጫማ ግን በፌስታል ይያዝ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፣ መንገዱ አልጠናም፤ አምባውም በእግር ነው የሚወጣው። ከገጠር እየመጡ የሚማሩ ልጆች ዘዴውን ድሮ ያውቁታል። ኮንጎ ጫማ አድርጎ ጭቃውን ይሻገራል፣ ከተማ ጫፍ ሲደርስ እግሩን ይታጠባል፣ ከፌስታሉ ነጩን አውጥቶ ፏ ብሎ ይገባል። ከዚህ የተሻለ የጫማ መከላከያ እስካሁን አላየሁም።

ሠርግም ቢሆን እንደዚያው ነው። ድንኳኑ በር ላይ ቀይሩት።

የሚረጭ መከላከያስ አለ ይባላል?

አለ። ውሃን የሚመልስ ነው። አዲስ ወይም ጸድቶ የደረቀ ጫማ ላይ፣ ደጅ፣ ከራቅ አድርጋችሁ ይረጫል። ጥቂት ሳምንት ይረዳል። ሸራ ላይ ነጭ ሻማ የሚያሹም አሉ። ውሃ ይመልሳል፣ እውነት ነው፤ ግን ሰሙ አቧራ ይይዛል፣ ቀስ በቀስም ግራጫ ይሆናል። እኔ አልወደውም።

ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው የማታዋ ሁለት ደቂቃ ናት። ከቤት ስትገቡ በእርጥብ ጨርቅ የጎኑን ጎማ ጠረግ፣ ላዩን በደረቅ ቡርሽ ጠረግ። ጎማው ነጭ ከሆነ ጫማው ሁሉ ነጭ ይመስላል። ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። እንዲህ የሚያደርግ ደንበኛ በወር አንዴ ነው እኔ ጋ የሚመጣው። ለገበያዬ ጥሩ አይደለም፣ ግን እውነቱ ይሄ ነው።

ስታስቀምጡት ፌስታል ውስጥ አስራችሁ አታስቀምጡ። በክረምት ሻጋታ ያወጣል። የካርቶን ሣጥን ወይም የጨርቅ ከረጢት ይሁን፣ ውስጡም ደረቅ ነጭ ወረቀት ይኑርበት።

ሊስትሮ ነጭ ቀለም ቢቀባልኝስ?

ቆዳ ከሆነ፣ ለተፋቀ ቦታ፣ በስሱ ይሁን። ሸራ ከሆነ አይሁን። ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ ሱሪ ያበላሻል፣ ከሥሩ ያለው ቆሻሻም ለዘላለም ይታተማል። በተቀባ ሸራ ላይ እኔም ምንም ማድረግ አልችልም።

አንተ ራስህ ነጭ ጫማ ታደርጋለህ?

አንድ አለኝ። ለዒድና ለሠርግ። የአክስቴ ልጅ ነው የገዛልኝ፣ «በረኪና እንዳታስነካው» ብሎ። የቀረውን ቀን ውሃ ውስጥ ስለምውል ኮንጎ ነው የማደርገው።